ባሕር ዳር ከጎንደር፣ በሐዋሳ በኩል

ከባሕር ዳር ጎንደር በመኪና 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ የጣናን ምሥራቅ ይዞ በሐሙሲት፣ በወረታ፣ በአዲስ ዘመን በኩል ያልፋል። የጣና ሞገዶቹ ባሕር ዳር ከነማና አፄዎቹ ፋሲል ከነማ ሲጋጠሙ ግን በዚህ መንገድ የሚሄድ የለም። ሁለቱም ሻንጣቸውን ሸክፈው ሐዋሳ፣ አዳማ ወይም ድሬዳዋ ይወርዳሉ። ሐዋሳ በመኪና ቢቆጠር ከእኛ 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። አጥር የሚጋሩ ጎረቤታሞች ቡና ለመጠጣት ሌላ ከተማ ቤት ተከራዩ እንደማለት ነው።

ደጋፊውስ? ደጋፊው ካፌ ውስጥ ነው። ጨዋታውን የሚያሳይ ቤት ቀድሞ ይገባል፣ ጥሩ ወንበር ይይዛል፣ አንዷን ማኪያቶ ለ90 ደቂቃ ያብቃቃታል። ጎል ሲገባ ይጮሃል። ጩኸቱን የሚሰሙት አስተናጋጆቹና የባጃጅ ሹፌሮች ናቸው። ከ50 ሺህ በላይ ሰው የሚይዘው ስታዲየማችን ግን እዚያው ከተማ ውስጥ ጭር ብሎ ቆሟል።

ይህን እንደ ባሕር ዳር ቅሬታ ብቻ ማየት ይቻላል። እኔም ለረጅም ጊዜ እንደዚያ ነበር የማየው። ሰሞኑን ሳብሰለስለው ግን የሜዳ ጥያቄ ብቻ አልመስል አለኝ። አንድ አገር አቀፍ ሊግ እያደገ ሲሄድ ከሥሩ ያሉት የክልል፣ የዞንና የከተማ ውድድሮች ምን ይሆናሉ? ቀኑን ማን ይወስዳል? ገንዘቡንስ? በዚህ ጉዳይ ብዙ የተጨቃጨቀ አገር ብራዚል ነው። እስኪ መጀመሪያ እዚያ ደርሰን እንመለስ።

ብራዚልን የምናውቃት በቢጫው ማልያ ነው። የአገር ውስጥ ውድድሯን ልብ ብሎ የሚከታተል ሰው እኛ ዘንድ ጥቂት ነው። አገሪቱ 26 ግዛቶችና አንድ የፌዴራል ወረዳ አሏት። ሃያ ሰባቱም የየራሳቸው የእግር ኳስ ፌዴሬሽንና የየራሳቸው ሻምፒዮና አላቸው። ውድድሮቹ በጥቅሉ ኢስታዱዋይስ ይባላሉ፣ የግዛት ውድድሮች እንደማለት። የሳኦ ፓውሎው ፓውሊስታ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። የሪዮው ካሪዮካ በ1906 ተከተለ። አገር አቀፍ የክለቦች ሻምፒዮና የመጣው ደግሞ በ1959 ነው፣ ያውም በግድ። በ1960 የደቡብ አሜሪካ የክለቦች ዋንጫ፣ ሊበርታዶሬስ፣ ሊጀመር ነበር። ብራዚል የምትልከው አንድ ሻምፒዮን አስፈለጋት። እሷ የነበራት ደግሞ የየግዛቱ ሻምፒዮን ነው። ሰፋ ያለው ብሔራዊ ሻምፒዮና በ1971 ሲጀመር ፓውሊስታ 69 ዓመት ሞልቶት ነበር።

ስለዚህ እዚያ የበኩር ልጁ የግዛት ውድድሩ ነው። ብሔራዊው ሊግ ኋላ የመጣ ታናሽ ነው። ፔሌ በ1958 ስዊድን ላይ የዓለም ዋንጫ አነሳ፣ ይህን ሁሉም ያውቃል። በዚያው ዓመት ለሳንቶስ በፓውሊስታ ብቻ 58 ጎል አግብቷል። ብሔራዊ ሻምፒዮና ገና አልነበረም። የብራዚል ሰው ከጎረቤት ክለብ ጋር ያለው ፉክክር፣ የሰፈር ዘፈኑ፣ የአባቱ ትዝታ በግዛት ውድድር ውስጥ ነው ያደገው።

ታናሹ ግን ጉልበት አወጣ። መንገዱ ቀጥ ያለ አልነበረም። በወታደራዊው አገዛዝ ዘመን ብሔራዊው ውድድር የፖለቲካ መጫወቻ ሆነ። አሬና የሚባለው የመንግሥት ፓርቲ በደከመበት ቦታ ሁሉ አንድ ክለብ ወደ ብሔራዊው ይገባል እያለ ሕዝቡ ይቀልድ ነበር። በ1979 የተወዳዳሪዎቹ ቁጥር 94 ደረሰ። ዘጠና አራት ክለብ! የእኛ ሰው ፖለቲካና ኳስ የተጋቡት እዚህ ብቻ ይመስለዋል። ነገሩ የረጋው በኋላ ነው። ከ2003 ጀምሮ ደርሶ መልስ ሊግ ሆነ፣ ከ2006 ወዲህ ደግሞ 20 ክለቦች 38 ጨዋታ ያደርጋሉ።

ጠቡ እዚህ ላይ ከረረ። 38 የሊግ ጨዋታ አለ። እስከ 16 የጨዋታ ቀን የሚወስድ የግዛት ውድድር አለ። የብራዚል ዋንጫና ሊበርታዶሬስ ሲደመሩበት አንድ ትልቅ ክለብ በዓመት ከ70 ጨዋታ በላይ ያደርጋል። ስለዚህ ትልልቆቹ በግዛት ውድድሩ መጀመሪያ ላይ ታዳጊዎችን ማሰለፍ ጀመሩ። ዋናው ቡድን እረፍት ላይ ነው። የገጠር ከተማዋ ክለብ ዓመቱን ሙሉ የጠበቀችው ጨዋታ ሲደርስ ፊቷ የሚቆመው የ18 ዓመት ልጅ ይሆናል።

በ2013 ተጫዋቾቹ ራሳቸው «ቦም ሴንሶ» የሚል ንቅናቄ አቋቁመው ነበር። ትርጉሙ በእኛ አባባል «ልብ መግዛት» ቢባል ይሆናል። የመጀመሪያው ፊሽካ ሲነፋ እጃቸውን አጣምረው ቆሙ። የእነሱ አቤቱታ ሁለት ፊት ነበረው፣ እኔ በጣም የወደድኩትም ይህንን ነው። ላይ ያለው ተጫዋች ጨዋታ በዝቶበት እግሩ ይሰበራል። ታች ያለው ደግሞ ጨዋታ አጥቶ ሆዱ ይራባል። የትንሹ ክለብ ውድድር ሚያዝያ አካባቢ ሲያልቅ የተጫዋቹም ውል አብሮ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ያለውን ስምንት ወር እንዴት ይኑር? በአንድ አገር፣ በአንድ ስፖርት፣ አንዱ ከጥጋብ ሌላው ከረሃብ ይታመማል ማለት ነው።

እንግዲህ ይህን ያህል ቅሬታ ካለ ለምን ቶሎ አልተስተካከለም? መልሱ ድምፅ ነው። የብራዚል ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሲመረጥ 27ቱ የግዛት ፌዴሬሽኖች እያንዳንዳቸው ሦስት ድምፅ አላቸው። ይህ 81 ይሆናል። የአንደኛው ዲቪዚዮን 20 ክለቦች ሁለት ሁለት፣ የሁለተኛው 20 ክለቦች አንድ አንድ አላቸው። ተደምሮ 60 ነው። ክለቦቹ ሁሉ ተስማምተው አንድ ቢሆኑ እንኳ በግዛቶቹ ይሸነፋሉ። ፍላሜንጎ ሚሊዮን ደጋፊ ይኑረው እንጂ በጉባኤው ላይ አንድ ትንሽ የጫካ ግዛት ይበልጠዋል። የግዛት ፌዴሬሽን ደግሞ ዋና ሥራውና ዋና ገቢው የግዛት ውድድሩ ነው። የሚበላበትን ገበታ ማን ይቆርጣል?

አስገራሚው ነገር ቆራጩ ከዚያው ከትንሹ ወገን መምጣቱ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 የተመረጡት ፕሬዚዳንት ሳሚር ሻውድ የመጡት ከሮራይማ ነው፣ በኳስ ከትንንሾቹ ግዛቶች አንዷ። የመረጧቸውም በዋናነት የግዛት ፌዴሬሽኖች ናቸው። እሳቸው ግን የግዛት ውድድሩን ከ16 የጨዋታ ቀን ወደ 11 አወረዱት። ብሔራዊው ሊግ በሚያዝያ ፈንታ ከ2026 ጀምሮ በጥር መጨረሻ እንዲጀምር ተደረገ።

ዜናው በብዙ ቦታ «ትልቁ ትንሹን ዋጠው» ተብሎ ነው የተወራው። እኔ አይመስለኝም። በዚያው ውሳኔ ውስጥ ሌላ ነገር አለ። አራተኛው ዲቪዚዮን፣ ሴሪ ዲ፣ ከ64 ክለብ ወደ 96 ሰፋ። የብራዚል ዋንጫም 126 ክለቦችን የሚያሳትፍ ሆነ። ወደ እነዚህ መግቢያው ደግሞ ያው በግዛት ውድድር የተገኘ ውጤት ነው። ማለትም የትንሹን ውድድር ቀን ቀነሱ፣ ከእሱ የሚወጣውን በር ግን አሰፉ። ልውውጡ ፍትሐዊ ይሁን አይሁን ገና ወደፊት የሚታይ ነው። ቢያንስ ግን ልውውጥ ነው።

በር ሲባል ምን ማለት እንደሆነ አንድ ክለብ ያሳያል። አግዋ ሳንታ ይባላል። የሳኦ ፓውሎ ጎረቤት ከሆነችው ከዲያዴማ ነው። በ1981 ከሌላ ክፍለ ሀገር ሥራ ፍለጋ የመጡ ሰዎች የመሠረቱት የሰፈር ቡድን ነበር። ፕሮፌሽናል የሆነው በ2011 ነው። በ2023 የፓውሊስታ ፍጻሜ ደርሶ ፓልሜይራስን በመጀመሪያው ጨዋታ 2 ለ 1 አሸነፈ። በመልሱ 4 ለ 0 ተረታ፣ እሱ ይሁን። የእኛ የእሁድ ጠዋት የጤና ቡድን አንድ ቀን ከፈረሰኞቹ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር ለዋንጫ ቢጫወት ብላችሁ አስቡት።

አሁን ወደ ቤታችን፣ ወደ ራሳችን ዘመን አቆጣጠርም።

እኛም ጋ አሮጌው ነገር የክፍለ ሀገሩ ነበር። ከፕሪሚየር ሊጉ በፊት በነበረው የኢትዮጵያ ሻምፒዮና የየአካባቢው አሸናፊዎች ተገናኝተው ነበር ዋንጫው የሚለየው። በዚያ ዘመን ከአስመራና ከድሬዳዋ የመጡ ክለቦች የአዲስ አበባዎቹን አንበርክከዋል። ፕሪሚየር ሊግ የሚባለው በ1990 ዓ.ም. ነው የተጀመረው። ከዚያ ወዲህ ሐሳባችን ሁሉ ከላይ ወደ ታች ሆነ። ፕሪሚየር ሊግ፣ ከፍተኛ ሊግ፣ ከዚያ ታች ያሉት ሊጎች፣ ከሁሉም ሥር የክልል ክለቦች ሻምፒዮና። የመጨረሻውን ስም ሲሰማ «እሱ ደግሞ መቼ ነው የሚካሄደው?» የማይል ሰው ካለ ወይ አሰልጣኝ ነው ወይ የተጫዋች እናት ናት።

የባሕር ዳርን ታሪክ በዚህ መሰላል ላይ እንየው። ባሕር ዳር ከነማ ከከፍተኛ ሊግ አድጎ ፕሪሚየር ሊግ የገባው በ2011 ዓ.ም. ውድድር ነው። ስታዲየሙ ግን ቀድሞ ተሠርቶ ነበር። ሰኔ 7 ቀን 2007 ብሔራዊ ቡድኑ ሌሶቶን 2 ለ 1 ያሸነፈበት ቀን ከተማው እንዴት እንደነበረ የሚያስታውስ ያስታውሳል። ኅዳር 9 ቀን 2012 አይቮሪኮስትን እዚሁ 2 ለ 1 ረታን። ለሁለት ዓመት ያህል ሁለቱም ነበረን፣ ሊጉም ሜዳውም። እሁድ ማለዳ ማልያ የለበሰ ሕፃን በዘንባባው መንገድ ሲያልፍ ማየት የተለመደ ነበር።

ከዚያ ሁለት ነገር ተከታትሎ መጣ። አንደኛው ኮሮና ነው። የ2012 ውድድር ተሰረዘ። የ2013ቱ ሊግ ሲጀመር ክለቦች በየሜዳቸው መጫወታቸው ቀርቶ ሁሉም በአንድ ከተማ ተሰብስበው ለሳምንታት የሚጫወቱበት አሠራር መጣ። አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ እየተዞረ። በዚያው ዓመት ጨዋታው በዲኤስቲቪ መታየት ጀመረ። ፋሲል ከነማም በታሪኩ የመጀመሪያውን ዋንጫ አነሳ። ኮሮናው ሄደ፣ አሠራሩ ግን እዚሁ ቀረ። ሁለተኛው ነገር ስታዲየሙ ነው። መስከረም 29 ቀን 2014 በደቡብ አፍሪካ 3 ለ 1 ተሸነፍን። ከዚያ በኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ ካፍ፣ ሜዳው መስፈርት አያሟላም ብሎ ዘጋው። ብሔራዊ ቡድኑ ከዚያ በኋላ ለዓመታት «በሜዳው» ሲጫወት የነበረው ጆሃንስበርግ፣ ሊሎንግዌና ሌሎች የውጭ አገር ከተሞች ላይ ነው።

ስለተሰበሰበው ሊግ ክፉ ብቻ ማውራት አልፈልግም። ከዚያ በፊት የነበረውን የሚያውቅ ሰው አይዋሽም። በ2010 እና በ2011 የክለብ ጨዋታ የብሔር ግጭት ማቀጣጠያ እየሆነ ነበር። ጨዋታ ተቋርጧል፣ ገለልተኛ ሜዳ ተፈልጓል፣ ደጋፊ ሌላ ከተማ መሄድ ፈርቷል። በአንድ ከተማ መሰብሰቡ ይህን አበረደው። ለቴሌቪዥንም ይመቻል፤ ካሜራው አንድ ቦታ ይተከላል፣ ጨዋታው ወደ ካሜራው ይመጣል። ትርፉ እውነተኛ ነው።

ዋጋው ግን በሒሳብ መዝገብ ላይ አይታይም። በ2015 ባሕር ዳር ከነማ ሁለተኛ ወጣ። በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ካፕ የታንዛኒያውን አዛምን በመለያ ምት ጥሎ በቱኒዚያው ክለብ አፍሪካን ተሸንፎ ቆመ። በክለቡ ታሪክ ትልቁ ጉዞ ነው። ከተማው በገዛ ሜዳው አንድ ደቂቃውን አላየውም። አሥር ዓመት የሞላው የቀበሌያችን ልጅ የከተማውን ቡድን ተጫዋች በአካል ሲያሞቅ አይቶ አያውቅም። እኔ በልጅነቴ ኳስ የወደድኩት በቴሌቪዥን አይደለም። አጥር ላይ ተንጠልጥዬ፣ የተጫዋቹን ትንፋሽ ሰምቼ ነው።

አሁን ብራዚልን ከጎኑ እናስቀምጠው። እዚያ የሚጣሉት ሁለት በሕይወት ያሉ ነገሮች ናቸው። የግዛት ውድድሩ ዕድሜ፣ ገንዘብ፣ ድምፅና ደጋፊ አለው፤ ስለዚህ ሲነካ ይጮሃል። እኛ ጋ ግን ጠቡ አይሰማም። አንደኛው ወገን ድምፅ የለውማ። በፌዴሬሽኑ ጠቅላላ ጉባኤ ክልሎች ይመርጣሉ፣ እሱ አለ። ክልሎቹ የሚፈለጉት ግን በምርጫ ሰሞን ነው። «የክልላችን ውድድር ቀን አነሰን» ብሎ ጉባኤ ላይ ጠረጴዛ የመታ ተወካይ እኔ አልሰማሁም። የሚሟገትለት ውድድር ቢኖረው ኖሮ ይመታ ነበር።

የክልል ሻምፒዮና የሚባለው በተለመደው መልኩ ምንድን ነው? ክለቦች አንድ ከተማ ይሰበሰባሉ። ትምህርት ቤት ወይም ርካሽ ሆቴል ያድራሉ። በየሁለት ቀኑ ይጫወታሉ። በሁለት በሦስት ሳምንት ዋንጫው ይነሳል፣ ባጀቱም ያልቃል። ያለፈው ወደ አገር አቀፉ ይሄዳል፣ እዚያም ያው ሌላ ከተማ ይሰበሰባል። የወደቀው እስከ ዓመት ይበተናል። የብራዚሉ ትንሽ ክለብ ሦስት አራት ወር ብቻ ነው የምጫወተው ብሎ አለቀሰ። የእኛው በሳምንት ነው የሚቆጠረው።

ውድድሩ እንደ ላይኛው ሊግ ተሰብሳቢ መሆኑ ደግሞ ይገርመኛል። ፕሪሚየር ሊጉ የሚሰበሰብበት ምክንያት አለው፣ ካሜራው። መራዊና ዱርቤቴ ሲጫወቱ የቱ ካሜራ ነው ያለው? ለምን እዚያው መራዊ፣ እዚያው ዱርቤቴ አይጫወቱም? ላይ ያለው ስላደረገው ብቻ ታች ያለውም አደረገው። የትልቁን በሽታ ያለ ትልቁ ገንዘብ መውረስ ማለት ይህ ነው።

«ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» ይባላል። እኛ እዚህ ያለን ሰዎች ግን ዓባይ ራሱ ሰከላ ላይ ምንጭ እንደሆነ እናውቃለን። ሄዶ ያየ ሰው «ይቺ ናት እንዴ?» ብሎ ነው የሚመለሰው። ክለቦቻችን የከተማ አስተዳደር ባጀት ይዘው በየዓመቱ ዝውውር ላይ ይሯሯጣሉ። በ2011 መጨረሻ የተጫዋች ደመወዝ በወር ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ እስከማስቀመጥ የተደረሰው ለዚህ ነው። የተስፋ ቡድኑ ግን ጫማ ይቸግረዋል። ከንቲባው የሚጠየቀው ስለ ደረጃ ሰንጠረዥ ነው፣ ስለ ምንጩ የሚጠይቅ የለም።

በሩስ? በሩ በመርሕ ክፍት ነው። ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በ2015 ከፍተኛ ሊግ ላይ ነበር። በ2016 ወደ ፕሪሚየር ሊግ ገብቶ በዚያው ዓመት ሻምፒዮን ሆነ። ድንቅ ነው። ግን ባንክ ነው፤ ቁልፉን በኪሱ ይዞ ነው የመጣው። ባንክም ከተማ አስተዳደርም ከኋላው የሌለ የሰፈር ቡድን በዚያ በር ሲገባ ነው አግዋ ሳንታን አገኘን የምንለው።

እኔ የምለው የክልል ውድድሩን ከፕሪሚየር ሊጉ ጋር አናፎካክረው ነው። ቀን ይሰጠው። ባሕር ዳርንና በዙሪያዋ ያሉትን ከተሞች ብቻ ውሰዱ። ባሕር ዳር፣ መራዊ፣ ዳንግላ፣ እንጅባራ፣ ሐሙሲት፣ ወረታ፣ ደብረ ታቦር። ከባሕር ዳር ደብረ ታቦር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ እንጅባራ ትንሽ ይበልጣል። ጠዋት ተነስቶ ተጫውቶ ማታ ቤት ማደር ይቻላል። ሆቴል የለ፣ የሦስት ሳምንት አበል የለ። ከጥቅምት እስከ ግንቦት በየሁለት ሳምንቱ አንድ ደርሶ መልስ ጨዋታ ማለት ነው። ክረምቱን ለሰፈር ውድድር መተው ነው፤ እሱን ጭቃው ራሱ ያዘጋጀዋል።

«መንገዱስ?» ትሉኛላችሁ። ትክክል ናችሁ። ከ2015 ክረምት ወዲህ በክልሉ ያለው ግጭት ይህን ሁሉ ስሌት ያፈርሰዋል። መንገድ ሲዘጋ የኳስ ቡድን ቀርቶ በሽተኛም አያልፍም። ይህ ባለበት ስለ ደርሶ መልስ ማውራት ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ሰላም ሲመጣ ግን መርሐ ግብሩ ተሠርቶ መጠበቅ አለበት። ካልሆነ ያን ጊዜም ያው አንድ ከተማ ተሰብስቦ፣ ሁለት ሳምንት ተጫውቶ መበተን ነው። እስከዚያ ከተማ ውስጥ የሚቻለውን ማድረግ ማንም አልከለከለም። ባሕር ዳር ውስጥ ብቻ ስንት ክፍለ ከተማ፣ ስንት ትምህርት ቤት፣ ስንት የጤና ቡድን አለ።

የስታዲየሙ እድሳት ዓመታት ወስዷል። ሲያልቅ ትልቅ የምረቃ ጨዋታ እንደሚኖር እርግጠኛ ነኝ። ባለሥልጣን ይመጣል፣ ማርሽ ባንድ ይመጣል፣ ምናልባት የሌላ አገር ብሔራዊ ቡድን ይመጣል። ባለፈው ለአንድ ጓደኛዬ «ከዚያ በፊት ባለው ቅዳሜ የመራዊና የሐሙሲት ጨዋታ ይደረግበት» አልኩት። ሳቀብኝ።

«ማን ሊያየው ይመጣል?» አለ።

«የመራዊ ሰው» አልኩት። «ሠላሳ ምናምን ኪሎ ሜትር እኮ ነው። ሚኒባስ አለ።»